ተማሪዎችን ይዞ ኬንያ ላይ ኮርስ መስጠት፦ የሞከራችሁ ካላችሁ ምከሩኝ

ታቦር_ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የማስተምረው፣ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር። ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ናይቫሻ ሐይቅ ሄጄ አንድ ሙሉ ኮርስ ልሰጥ እያሰብኩ ነው። ጉብኝት አይደለም። ውጤት ያለው፣ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያው) የሚያዝለት ኮርስ።

ሀሳቡን ያመጣብኝ የሐዋሳና የናይቫሻ ሐይቆች መመሳሰል ነው። የኛም የነሱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ሁለቱም ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የላቸውም፣ እንዲያም ሆኖ ውሃቸው እንደ ሻላ አልመረረም። ናይቫሻ ዙሪያ ደግሞ የአበባ እርሻ ሞልቷል፣ ያ ባቱ ላይ ከምናየው ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ ናይቫሻ ሞልቶ ዳር ያለውን ሰው ከቤቱ አስወጥቶ ነበር። የኛም ቢሆን ማታ ማታ ንፋስ የምንቀበልበት ግድብ የተሠራው ውሃው ከተማው እንዳይገባ ነው።

ሃያ ተማሪ ገደማ ይዤ፣ ክረምት ላይ ብሄድ ብዬ ነው። በመኪና ይሻላል በአውሮፕላን? ዲፓርትመንቱን በምን ላሳምን? «ዝም ብለሽ ወንዶ ገነት ውሰጃቸው» የሚለኝ ሰው መቼም አይጠፋም።

ቆሮሶ

እህቴ፣ አሪፍ ሀሳብ ነው። እኔ አዳማ ነኝ፣ ተመሳሳይ ነገር መርቼ አውቃለሁ። ከመኪናውና ከአልጋው በፊት ግን ኮርሱን ጨርሺ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከፕሮግራሙ ነው። ሰኞ እዚህ፣ ማክሰኞ እዚያ እያለ ይደረድርና መጨረሻ ላይ «ተማሪዎች ሪፖርት ያቀርባሉ» ብሎ ይዘጋዋል። እሱ ሽርሽር ነው። ካውንስል ላይ የሚጥልሽም እሱ ነው።

ሒሳቡን እዪው። አንድ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ነው፣ አምስቱ 135። ኬንያ አሥር ቀን ብትቆዩና በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠሩ፣ ያውም ማንም ካልታመመና ዝናብ ካልያዛችሁ፣ 80 ሰዓት ነው። ቀሪው 55 እዚሁ ሐዋሳ መሠራት አለበት፣ አብዛኛው ደግሞ ከጉዞው በፊት። እኔ ብሆን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አወርዳቸውና ናይቫሻ ላይ የሚሠሩትን ሁሉ አስቀድሜ እዚያ አሠራቸዋለሁ። ውሃውን ይለኩ፣ ዓሣ አጥማጁን ያናግሩ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁ ጋ እስከሚገባበት ሄደው ምን ይዞ እንደሚመጣ ይዩ። የሰፈሩን ሐይቅ መለካት ያልለመደ ልጅ ሰው አገር ሄዶ ሴልፊ ነው የሚያነሳው። የለመደው ግን ማሌዋ ወንዝ ናይቫሻ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ከጥቁር ውሃ ያመጣው ቁጥር ደብተሩ ላይ ስላለ ወዲያው ማነጻጸር ይጀምራል።

ወንዶ ገነት ለሚሉሽ መልሱ ይኸው። ናይቫሻ ላይ ከታች ያሉት ትልልቅ ውሃ ተጠቃሚዎች፣ አበባ እርሻዎቹን ጨምሮ፣ ላይኛው ተፋሰስ ላሉት አነስተኛ ገበሬዎች መሬታቸው እንዳይሸረሸር ለሚሠሩት ሥራ የሚከፍሉበት አሠራር ተሞክሯል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት ደግሞ በሕግ የታወቁ ናቸው፣ ልጆቹ ስብሰባቸው ላይ ቁጭ ብለው ሊሰሙ ይችላሉ። እኛ ይህን ከሰሌዳ ላይ ነው የምናስተምረው። ከሐይቁ ደቡብ ደግሞ ኦልካሪያ አለ፣ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ ከእንፋሎት መብራት የሚያመነጩበት፣ ያውም ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገብቶ። ፓርክ ውስጥ ኃይል ማመንጫ መኖር አለበት የለበትም ብለሽ ብታከራክሪያቸው አንድ ቀን አይበቃቸውም። የኛውን የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ፣ አሉቶ ላንጋኖን፣ አስቀድመሽ ካሳየሻቸው ደግሞ በባዶ ሜዳ አይከራከሩም።

ሌላው ፈቃድ ነው። ኬንያ ውስጥ ምርምር የሚባል ነገር ለመሥራት ናኮስቲ ከሚባለው የሳይንስ ኮሚሽናቸው ፈቃድ ይወጣል። ብቻሽን ከምትሮጪ አንድ አስተናጋጅ ተቋም ያዢ። ኤገርተን ዩኒቨርሲቲ ናኩሩ አጠገብ ንጆሮ ላይ ነው፣ የሐይቅና የዓሣ ሰዎች አሉት። የዓሣ ምርምር ተቋማቸውም ናይቫሻ ላይ ጣቢያ አለው። በነሱ ቤተ ሙከራ ተንትናችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ። በጠርሙስ ናሙና ይዞ ድንበር መሻገር የሚባለውን ከነጭራሹ እርሺው።

ብቻሽንም አትምሪ። አንዱ ታሞ ሆስፒታል ቢገባ ማን አብሮት ያድራል፣ ማንስ የቀሩትን ይዞ ይቀጥላል? ሃያ ደግሞ በዝቷል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባሳቸው 14 ሰው ነው የሚይዘው። አሥራ ሁለት ተማሪና ሁለት መምህር በአንድ መኪና ገብታችሁ፣ የምትሉትን መኪናው ውስጥ ተባብላችሁ ትጨርሳላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንቺ ራስሽ ቀድመሽ ሄደሽ መንገዱን እዪው፣ አልጋውንም ተኚበት።

የሞያሌ_መንገድ

መምህሩ ስለ ትምህርቱ ጥሩ ተናግረዋል፣ እኔ ስለ ጎማው ልናገር። በዚህ መስመር ብዙ ሠርቻለሁ።

ከሐዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ 800 ገደማ። አስፋልት ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ነው። በሌሊት እንዳትጓዙ። ከቡሌ ሆራ እስከ ሞያሌና ከዚያ ወዲያ እስከ ማርሳቢት ያለውን የዚያን ሳምንት ወሬ ከሹፌሮች ጠይቁ፣ የወር ወሬ አይሠራም።

የኛን መኪና ይዞ መሻገር ይቻላል ግን ጣጣው ብዙ ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ በግራ ነው የሚነዱት። እኛ በቀኝ የለመድን ሰዎች ነን። አደባባይ ላይ ስትደርሺ እጅሽ ያታልልሻል። የኔ ምክር፦ በኛ መኪና እስከ ሞያሌ፣ እዚያ እደሩ፣ ጠዋት በእግር ተሻገሩና ቀድማችሁ የተዋዋላችሁት የኬንያ መኪና ይቀበላችሁ። ድንበሩ ላይ የሁለቱም አገር ሰዎች አንድ ግቢ ስለሆኑ እንደ ድሮው ሁለቴ አትሰለፉም። ናይሮቢ ትራፊክ ውስጥም አትግቡ፣ በናንዩኪና በኒያሁሩሩ አድርጎ ወደ ናይቫሻ መውረድ ይቻላል።

ቪዛ ለኢትዮጵያዊ በቆየው ስምምነት የለም። ቢሆንም ከእ.ኤ.አ. ጥር 2024 ወዲህ ኬንያ ኢቲኤ የሚባል የኦንላይን ፈቃድ አምጥታ ሕጉን ስትቀያይር ነበር፣ በምትሄዱበት ሳምንት ይፋ ድረ ገጹን እዩ። የቢጫ ወባ ካርድም አይረሳ። ከተወጉ 10 ቀን ካልሞላ አይቆጠርም። አንዴ ከተወጉ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

ቆሮሶ

ወንድሜ በመንገዱ ላይ አልስማማም። ሁለት ቀን ሄዶ ሁለት ቀን መመለስ ማለት አራት ቀን ኮርስ መብላት ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። የደከመ ተማሪ አይማርም።

የሞያሌ_መንገድ

መምህር፣ አራቱ ቀን ካልተበላስ? ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ከዚያ ማርሳቢት፣ ሁሉም አርብቶ አደር አገር ነው። የቦረናን ኤላ፣ ጥልቁን የውሃ ጉድጓድ፣ በመንገዱ ላይ ማየት ውሃ ለሚማር ልጅ ትምህርት አይደለም እንዴ? አንድ የጉድጓድ ውሃ በስንት ሰው ቅብብል ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ማን ተራውን ቀድሞ እንደሚያጠጣ ይዩ። ከአውሮፕላን ደመና ነው የሚታየው።

ፍቅር_ሐይቅ

እኔ በተማሪነት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር፣ ጥናታችንም ናይቫሻ ላይ ነው። መምህርት፣ ከተማሪ በኩል ያለውን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ፌስታል። ኬንያ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። በሶውንም ድርቆሹንም በፌስታል ጠቅልሎ የመጣ ልጅ ድንበር ላይ እያራገፈ በጨርቅ ከረጢት ሲገለብጥ ነበር። የፓርክ በር ላይ ደግሞ የሃይላንድ ውሃም አይገባም፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ በእ.ኤ.አ. 2020 ከፓርኮች አስወጥተዋል። ሁሉም የራሱን ኮዳ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ጃኬት። ኬንያ ሲባል ሁላችንም ሙቀት ነው የጠበቅነው። ናይቫሻ 1,880 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሐዋሳ ከፍ ይላል፣ ሐምሌ ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ግን እዚያ ያን ጊዜ ብዙ አይደለም፣ ትልቁ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ስለዚህ ክረምቱን መምረጥዎ ጥሩ ነው። ለማንኛውም ሄልስ ጌት ያለው ሸለቆ ውስጥ ሲወርዱ ደመና ካለ ይመለሱ። በእ.ኤ.አ. 2012ም በ2019ም ድንገተኛ ጎርፍ መጥቶ ሰው ገድሏል።

ሦስተኛ፣ ከሐምሌ አይለፉ። ነሐሴ ከገባ ፍልሰታ ነው፣ ከልጆቹ ገሚሱ ይጾማል፣ ያን ሁሉ እየተራመዱ መጾም ይከብዳል። የጾም ምግብ እንኳ አይጠፋም፣ ሱኩማ ዊኪ ማለት የኛ ጎመን ነው፣ ኡጋሊው ደግሞ የበቆሎ ገንፎ። ሙስሊም ተማሪዎች ካሉ ሆቴሉን ስለ ሐላል ቀድመው ይጠይቁ።

የሰዓት ነገር ደግሞ አለ። በስዋሂሊ ሲያወሩ ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ይላሉ። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ሰባት ነው። ከሹፌር ጋር ቀጠሮ ሲይዙ «ፀሐይ ስትወጣ» ካላሉ ተጠፋፍተው ይውላሉ።

ጉማሬው ማታ ሣር ሊበላ ይወጣል፣ ከመሸ ሐይቅ ዳር አይራመዱ። ሐዋሳ ያደገ ልጅ «ለምጄዋለሁ» ስለሚል እሱን በተለይ ይያዙት።

ማህተም_የለውም

ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ የት እንደሆነ ይቅር። ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ገንዘቡ ቢፈቀድልሽ እንኳ ተመልሰሽ ቅድመ ክፍያውን ስታወራርጂ ነው ጉዱ። ኬንያ ሰው ሁሉ በኤም ፔሳ ነው የሚከፍለው፣ የፓርኮቹ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ ጭራሽ አይቀበሉም። የስልክ መልእክት ደግሞ ለኛ ቢሮ ደረሰኝ አይደለም። እኛ ማህተም እንፈልጋለን፣ እነሱ ማህተም አያደርጉም።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ፋይናንስ ኃላፊውን በደብዳቤ ጠይቂ፦ ምን ዓይነት ማስረጃ ትቀበላላችሁ፣ የሽልንጉ ምንዛሪ በየትኛው ቀን ነው የሚታሰበው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚዋልል ሁለተኛው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። መልሱን በጽሑፍ ያዢ። የምትችይውን ሁሉ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ መኪና፣ አስተናጋጁ ተቋም በአንድ ደረሰኝ እንዲያስከፍልሽ አድርጊ። አሥር ቀን ሙሉ የሻይ ደረሰኝ ስትሰበስቢ ከምትውይ ያስተምርሻል።

ታቦር_ማዶ (ጠያቂ)

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አደርጋለሁ፦ አሥራ ሁለት ተማሪ፣ ሁለት መምህር፣ በሐምሌ። ስንሄድ በሞያሌ በኩል፣ ኤላውን አይተን። ስንመለስ በአውሮፕላን፣ በጀቱ ከፈቀደ። ቆሮሶ፣ አንተም ሹፌራችንም እኩል ተከፋችሁ ማለት ነው።

የ55ቱን ሰዓት ዕቅድ ግንቦት ሳይገባ ለካውንስል አቀርባለሁ። ቆሮሶ፣ ያንተን ሲለበስ በውስጥ መስመር ብትልክልኝ? ማህተም_የለውም፣ የደብዳቤው ረቂቅ ካለህ እሱንም።

ማህተም_የለውም

አለኝ፣ ነገ ቢሮ ስገባ እልክልሻለሁ። ከላይ ዲኑ ይፈርምበት፣ ካልሆነ መዝገብ ቤት አይቀበልሽም።