አስቸኳይ፦ የኬጂ ልጆች የዘሩት ቦሎቄ ከሥሩ እየቀጠነ ይወድቃል፣ ዓርብ ወላጆች ይመጣሉ

የኬጂ መምህርት | ቅዳሜ ማታ 1፡20
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ ኬጂ 2 አስተምራለሁ። ልጆቹ በግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ ቦሎቄና በቆሎ ዘርተው ነበር። ቦሎቄው ግማሹ አልወጣም። የወጣውም ዛሬ ሲታይ ግንዱ አፈሩ ጋ ሲደርስ ክር አክሎ ተኝቷል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ አልደረቀም። ዓርብ ወላጆች መጥተው የልጆቻቸውን ሥራ ያያሉ፤ እያንዳንዱ ሃይላንድ ላይ የልጁ ስም ተለጥፏል። ማዳበሪያ ልጨምር? መድኃኒት አለው? ካልሆነ ሰኞ ልጆቹ ሳይገቡ ከችግኝ ሻጭ ገዝቼ ልተካው ነው። እባካችሁ ቶሎ።

ዜጌ መንገድ | 1፡26
ውኃ በዝቶበት ነው። ማዳበሪያ እንዳትነኪ።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ | 1፡31
እህቴ፣ የወደቀው አይነሳም፤ መድኃኒትም አትፈልጊለት። ቀሪውን ለማትረፍ ግን እነዚህን መልሺልኝ። ሃይላንዱ ከታች ተበስቷል? አፈሩ ከየት መጣ? በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣል፣ ማንስ ነው የሚያጠጣው? የት ተቀምጧል? ዘሩስ ከየት ነው?

አፈር ወዳድ | 1፡44
ነገሩን ከመሠረቱ ማየት ይሻላል። ባህር ዳርና ዙሪያዋ በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈርና ዋልካ (ጥቁሩ አፈር) ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጥና አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቀጭኑን ሥር ይበጥሳል። እርሻ ላይ እርጥበት መያዙ ትልቅ ሀብት ነው፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሽምብራና ጓያ ያለ ዝናብ የሚደርሱት በዚያው በቀረው እርጥበት ነው። ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ውኃው መሄጃ ያጣል። ሥርም እንደ ቅጠሉ አየር ይፈልጋል፤ አየር ሲያጣ ይደክማል። ያኔ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉ ተዋስያን ለስላሳውን ግንድ ልክ አፈሩ ላይ ይይዙታል። ባለሙያዎች ዳምፒንግ ኦፍ የሚሉት ይህ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ከላይ ምንም አልጎደለውም፣ የተበላው ከታች ነው። ያልወጣውም ገና አፈር ውስጥ እያለ በዚሁ በስብሶ ሊሆን ይችላል።

ለዕቃ የሚሆን ድብልቅ፦ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የታጠበ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት። ትኩስ ፍግ በፍጹም አይገባም። ሲብላላ ይሞቃል፣ ቡቃያውን ያቃጥላል፤ ለልጆች እጅም ንጹሕ አይደለም። ኮምፖስቱ የደረሰ መሆኑ በጠረኑ ይታወቃል፤ የዝናብ መሬት የሚሸት ከሆነ ደርሷል፣ በረት በረት የሚሸት ከሆነ ይቆይ።

የመንታ እናት | 1፡47
ቦሎቄውን ዋና እያስተማሩት ነዋ! አይዞሽ እህቴ፣ ልጅና ውኃ መቼ ይለያያሉ። እስከ ዓርብ የሚደርስ ነገር ግን አለ፤ ፌጦ። ሰኞ ጠዋት ተዘርቶ ዓርብ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። አሠራሩን አውቀዋለሁ፣ ከፈለግሽ እነግርሻለሁ።

የኬጂ መምህርት | 1፡58
ሃይላንዱ አልተበሳም፣ መደርደሪያው እንዳይርስ ተብሎ። አፈሩ ከግቢው የተቆፈረ ጥቁር ነው። የሚያጠጡት ልጆቹ ናቸው፤ ጠዋት ሲገቡና ከእረፍት ሲመለሱ፣ እያንዳንዱ በራሱ ኩባያ። የከሰዓት ፈረቃ ልጆችም ያጠጣሉ መሰለኝ። የተቀመጠው ከሰሌዳው ሥር ነው። ቦሎቄው ከገበያ ነው። በቆሎውን አንድ ወላጅ ነው ያመጣው፣ ያ ሮዝ ቀለም ያለው ዘር። እሱ ደህና ነው፣ አንዱም አልወደቀም።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ | 2፡15
ሌላውን ሁሉ ትተን መጀመሪያ ስለ ሮዙ በቆሎ። ያ መድኃኒት የተቀባ ዘር ነው። ፀረ ፈንገስ፣ አንዳንዴም ፀረ ተባይ ይቀባበታል፤ ቀለሙ የሚጨመረው ሰውም ከብትም እንዳይበላው ለማስጠንቀቅ ነው። ቦሎቄው ሲወድቅ እሱ የቆመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ቅብ ነው። ልጆች በባዶ እጃቸው መንካት የለባቸውም። የቀረውን ዘር ከነከረጢቱ ከክፍሉ አውጥተሽ ለባለቤቱ መልሺ። ከረጢቱ ለሌላ ነገር መያዣ አይሁን። የበቆሎውን ሃይላንዶች ልጅ ከማይደርስበት አድርጊ፣ አፈሩን ልጆቹ እንዳይቆፍሩት። ዘሩ የተቀመጠበትን ጠረጴዛና ኩባያ በሳሙና እጠቢ። ዘሩን አፉ ውስጥ ያስገባ ልጅ ካለ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ እቤት ወተት እየሰጡ መጠበቅ አይገባም። ወደፊት ለልጆች ዘር የሚገዛው ከእህል ተራ ነው፤ ያልተቆላ፣ ያልተከካ፣ ቀለም የሌለው።

አሁን ቦሎቄው። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጥተሽ ጣይ፤ ያ አፈር ወደ ሌላ ዕቃ አይመለስ። የቆሙት ያሉበትን ሃይላንድ ነገ ብሺው፤ ምስማር በእሳት አግለሽ በጉጠት ይዘሽ ከታች 5 ወይም 6 ቀዳዳ። ይህ የአንቺ ሥራ ነው፣ ልጆቹ አይጠጉ። ከሥሩ ሁለት እንጨት አድርገሽ ትሪ ላይ አስቀምጪው። ቂጡ ትሪው ላይ ከተለጠፈ ቀዳዳው ተመልሶ ይደፈናል። ቢያንስ ግማሽ ቀን ብርሃን ወደሚያገኝ መስኮት ወይም በረንዳ አውጪው፤ ጨለማ ውስጥ ያደገ ግንድ ይረዝማል እንጂ አይጠነክርም።

እንደገና የምትዘሪ ከሆነ፣ አዲሱን አፈር ከአንድ ቀን በፊት የፈላ ውኃ አፍስሺበት፤ ይንጠፍጠፍ፣ ይቀዝቅዝ። ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፈሽ ጠዋት አውጪው። ሁለት ቀን ከተዘፈዘፈ ውኃው ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፤ ለልጅ «ጣትህን እስከ መጀመሪያው አንጓ» ማለት ይበቃል። አንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ፍሬ ብቻ። በዚህ ሙቀት ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ ይወጣል። ለዓርብ ግን አይደርስም፤ ይህን ለወላጆቹ መንገር ነው።

ውኃ ቀንሺ | 2፡19
ውኃ ቀንሺ። ስሜም ይኸው ነው።

ጡረተኛው መምህር | 2፡33
ልጄ፣ ጥያቄሽ ላይ የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ሰኞ ልጆቹ ሳይገቡ ትተኪዋለሽ ያልሽው። ችግኝ ሻጭ ዘንድ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ታገኛለሽ፤ ቦሎቄ ግን በችግኝ አይሸጥም፣ እዚያው በሚያድግበት ነው የሚዘራው። የአምስት ዓመት ልጅ ቦሎቄ ዘርቶ ጎመን ሲበቅልለት አያውቅም ብለሽ ነው? ያውቃል። ባያውቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቦሎቄ ጎመን ያበቅላል ብሎ ይሄዳል።

ይልቅ የሞተውን አሳዪአቸው። ላስቲክ አንጥፈሽ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጊ፦ የወደቀውን፣ የቆመውን፣ አፈር ውስጥ የቀረውን ፍሬ (ከቦሎቄው ብቻ፣ በቆሎው አይነካ)። የቱ ሥር ነጭ ነው? የቱ ቡኒ ሆነ? ግንዱ የቀጠነው የት ላይ ነው? የቱ ይሸታል? ልጆቹ በራሳቸው ቃል ይመልሱ፣ አንቺ ጻፊላቸው። ለዓርብ ከዚህ የተሻለ የግድግዳ ወረቀት የለም። ከዚያ እጅ በሳሙና።

የኬጂ መምህርት | 2፡41
ጋሼ፣ የሚሉት ገብቶኛል። ግን የአንዱ ቆሞ የአንዱ ሲሞት የሚያለቅስ አለ። ወላጅም «የእኔ ልጅ የታለ?» ይላል።

ጡረተኛው መምህር | 2፡50
እንግዲያው ስሙን ከዕቃው ላይ አንሺ። ለአንድ ልጅ አንድ ዕቃ ሲሰጥ የሞተበት ልጅ እሱ ያጠፋ ይመስለዋል። ስድስት ልጅ ስድስት ዕቃ በጋራ ይያዙ። አንዱ ቢሞት አምስት ይቀራቸዋል፣ የሞተውም የሁሉም ነው። ስማቸው ሥራው ላይ ይጻፍ፦ ዛሬ ያጠጣ፣ ዛሬ በክር የለካ፣ ዛሬ ቅጠሉን የሳለ፣ ዛሬ አፈሩን በጣቱ ያየ።

የመንታ እናት | 2፡54
ጋሼ ትክክል ናቸው። ሁሉም አጠጪ ከሆነ ሁለት ፈረቃ፣ በቀን አራት ጊዜ ጎርፍ ነው። ኩባያውን ሰብስቢና የሃይላንዱን ክዳን ስጫቸው። አንድ ክዳን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ አራት ክዳን በየሁለት ቀኑ ለአንድ ግማሽ ሃይላንድ ይበቃል። እሱም ጣት ገብቶ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ነው። እርጥብ አፈር ጣት ላይ ከተለጠፈ ዛሬ ውኃ የለም። ልብስ መቆንጠጫ ዕቃው አፍ ላይ አድርጊ፤ ያጠጣው ልጅ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። የከሰዓቱ ልጅ ማንበብ ሳይችል ያውቃል።

ፌጦው እንዲህ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ጥጥ ወይም ንጹሕ ያረጀ ፎጣ አንጥፊ፤ አርሰሽ ጨመቅ አድርጊው፣ ውኃ እንዳይቋጥር። ፌጦ ሲርስ ይዝለገለጋልና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስለዚህ ልጁ በጣቱ ቆንጥሮ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ ላይ ይበትነዋል፤ ሰኞ «በ» የዘራ ዓርብ አረንጓዴ «በ» ያያል። ፍሬው ተደራርቦ እንዳይወድቅ፤ ከተደራረበ ይሻግታል። እስኪጎነቁል ድረስ በላዩ ላስቲክ ጣል አድርጊ፣ ነጭ ጫፍ ሲያወጣ (በሁለተኛው ቀን ይሆናል) ላስቲኩን አንሺና ወደ ብርሃን። ውኃው በእጅ እርጭ ብቻ። ፌጦ ያቃጥላልና ዓይናቸውን ከማሸታቸው በፊት እጅ ይታጠቡ።

ዜጌ መንገድ | 3፡05
ከፌጦው ጎን አንድ ብርጭቆ ጨምሪ። ሶፍት ጠቅልለሽ ብርጭቆው ውስጥ አስገቢ፣ ቦሎቄውን በብርጭቆውና በሶፍቱ መሃል፣ ከሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ውኃ። ፍሬው ውኃውን አይንካ፣ ሶፍቱ ስቦ ያጠጣዋል። ነገ ማታ ዘፍዝፈሽ ሰኞ ካስገባሽው ዓርብ ሥሩ ይታያል። ሥሩ ሲወጣ ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሚው (ውኃውን መጀመሪያ ድፊ)፤ በማግስቱ ጫፉ ተጣጥፎ ወደ ታች ይዞራል። አጠገቡ ሽምብራ አድርጊ። ቦሎቄ ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሽምብራ ግን ፍሬውን ከታች ትቶ ነው የሚወጣው። ልዩነቱን ልጆች ቶሎ ነው የሚይዙት።

አባይ ማዶ | 3፡12
ለምን ወደ ሐይቁ አትወስዷቸውም? ደንገል ነቅለው፣ እምቦጭ በባልዲ ይዘው ይመለሱ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ ለማስተማር ይመቻል።

የጤና ባለሙያ | 3፡20
እባክዎ ይህን ተዉት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው በመጠጣት ብቻ ሳይሆን ውኃው ውስጥ በቆመ እግርና በነከረ እጅ ቆዳ በኩል ነው። ልጆች ከመንገዱ ላይ ሆነው ደንገሉን ማየት፣ አንድ ትልቅ ሰው የቆረጠውን ደረቅ ደንገል ክፍል ውስጥ መንካት ይችላሉ። ለአትክልቱ ውኃ ከቧንቧ ይሁን። የሐይቅ ውኃ ብቻ ካለ ትልቅ ሰው ቀድቶ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ሁለት ሙሉ ቀን ይደር። ግቢ ውስጥ ሲቆፍሩም ጫማ ያድርጉ፤ የመንጠቆ ትል በባዶ እግር ይገባል።

አፈር ወዳድ | 3፡27
እምቦጩንም አትንኩት። ከ2011 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ጣናን ያስጨነቀ አረም ነው። ከአንዲት ቁራጭ ይራባል፣ ዘሩም ለዓመታት ጭቃ ውስጥ ይቆያል። የአንድ ክፍል ባልዲ ቦይ ውስጥ ቢደፋ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ተንሳፋፊ ሥር ለማየት የነጭ ሽንኩርት ጥርስ ብርጭቆ አፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ቂጡ ብቻ ውኃ ይንካ። ግቢ ውስጥ መደብ ስትሠሩ ደግሞ ስፋቱ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር እንጂ ከዚያ አይብለጥ፤ ልጅ ከሁለቱም ጎን መሃሉ ላይ መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ይረግጠዋል። ከማንጎ ጥላ ሥር አትሥሩት። በአጥሩ ላይ ቅንጭብ ካለ ጭማቂው ዓይን ይጎዳል፣ ጉሎ ካለም ፍሬው መርዝ ነው፤ ልጆች መቆፈር ሳይጀምሩ ይታይ።

ውኃ ቀንሺ | እሑድ ጠዋት 2፡10
ያልኩት ነው።

የመንታ እናት | ቅዳሜ ጠዋት 3፡00
መምህርት፣ ዓርብ እንዴት ሆነ? ፊደሉ ወጣ? የበቆሎው ነገርስ?

አዲስ አባል | ቅዳሜ 4፡35
ይህን አንብቤ ለልጆቼ ፌጦ ዘርቼ ነበር። ሌሊት ጉንዳን ፍሬውን ተሸክሞ ሄደ። ምን ላድርግ?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ | ቅዳሜ 4፡50
ትሪውን አራት የተገለበጠ ኩባያ ላይ አቁሚው፣ ኩባያዎቹን ደግሞ ሳሙና ጠብ ያለበት ውኃ ባለው ሰፊ ሳህን ውስጥ። ትሪው ግድግዳም መጋረጃም አይንካ፤ ከነካ በዚያ በኩል ይሻገራል። ዛሬ እንደገና ዝሪው፣ ፎጣውን ግን መጀመሪያ ቀቅዪው።