የአጎቴ ኒቫ 70 ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ላስተካክላት ወይስ ልሽጣት?

ጠያቂ፦ የቀበሌ 11 ልጅ፣ ባሕር ዳር

ሰላም እንዴት ናችሁ? አጎቴ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ልጆቹ ዘንድ ሲሄድ ላዳ ኒቫውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ሞተሯ 1600 ነው፤ ባለ ካርቡሬተር፣ ባለ አራት ማርሽ። ስድስት ዓመት ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር ቆማለች። ሳያት ጎማዎቿ ተንፍሰው፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ጠበቅኩ። ከዚያ ታንከሯን አሳጥቤ፣ ባትሪና ዘይት ቀይሬ አስነሳኋት።

አሁን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ከ60 እስከ 70 ስገባ መኪናዋ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች። ከባሕር ዳር እርጎ ይዤ ብነሳ ሐሙሲት ስደርስ ቅቤ ይወጣዋል። ሁለተኛ፣ ከዋናው ማርሽ ሌላ ሁለት ትንንሽ እጀታዎች አሏት። የፊትና የኋላ ጎማዎቹን አንድ ላይ የሚቆልፈው የዲፍሎኩ እጀታ ተቆልፎ አልመለስ ብሏል፤ መብራቱም በርቶ ቀርቷል። ሦስተኛ፣ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ሙቀቷ ቀዩ ጋ ይደርሳል። ጭሷም ጥቁር ነው።

አንድ መካኒክ በአጭሩ ነድቶ አይቷት «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቋል፣ ይውረድ» አለኝ። የጠራው ዋጋ ደግሞ አስደነገጠኝ።

ሌላም ጉዳይ አለ። ልጅ ሆነን በሰፈሩ ስሟ «የሩሲያ ትራክተር» ነበር። አጎቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ አንድ መንገድ ቀደም ብዬ እወርድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር አቁሜያት አንድ ፎቶ አንሺ መጥቶ ሙሽሮች ላንሳባት ብሎ ለመነኝ። በማግሥቱ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ልግዛት አለ። የጠራልኝን ዋጋ አጎቴ ቢሰማ ከት ብሎ ይስቃል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጋራዥ በር፣ ጎንደር

ወንድሜ፣ ካምቢዮውን እንዳታስወርድ! መጀመሪያ ግን ፍሬኗን አይተሃል? ስድስት ዓመት የቆመች መኪና 70 ከመንዳትህ በፊት የፍሬን ዘይቷ ይቀየር። የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎችም ይታዩ። ስለ መንቀጥቀጡ ከዚያ እናወራለን።

እሺ፣ አይተሃል እንበል። ኒቫ እንደ ሌላው መኪና አይደለችም። ትራንስፈሩ፣ ማለት ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጋር አልተጣበቀም። ለብቻው በጎሚኒ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከካምቢዮው ጋር በአጭር ዘንግ ይገናኛል። ዘንጉ ላይ እንደ ወፍራም ቀለበት ያለ ጎማ አለ። ቆሞ የደረቀ ጎማ ይሰነጠቃል። ትራንስፈሩ ትንሽ ከመስመር ሲወጣ ደግሞ ያንተ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይመጣል። የኒቫ የታወቀ በሽታ ነው። ስንቱ ሰው ጤነኛ ካምቢዮ አስፈትቷል መሰለህ።

እንዲህ ሞክር። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፍ። የትራንስፈሩን እጀታ ዜሮ ላይ አድርገው። አሁን ሞተሩን አስነሳና ካምቢዮውን አራተኛ አስገባ፤ መኪናዋ አትሄድም። ነዳጅ ቀስ እያልክ ስጥ። ቆማ ከተንቀጠቀጠች ችግሩ አጭሩ ዘንግና ቀለበት ጎማው ጋ ነው። ቆማ ጸጥ ካለች ወደ ኋላ እይ፤ ወይ የረጅሞቹ ዘንጎች መጋጠሚያ (ክሮቸራ) ነው፣ ወይ ትራንስፈሩ ተዛንፏል፣ ወይ ቸርኬ ተጣሟል።

ትራንስፈሩ ከሆነ የማቀፊያዎቹን ብሎኖች አላልቶ፣ ትክክለኛ ቦታውን እስኪያገኝ ማንቀሳቀስና መልሶ ማጥበቅ ነው። ትዕግሥት እንጂ ብዙ ብር አይጠይቅም። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ የሚሠራ ሥራ ስላለው ግን ቤትህ በክሪክ ብቻ እንዳትሞክረው። ኒቫ ሁልጊዜ በአራቱም ነው የምትጎትተው። አንዱ ጎማ መሬት ከነካ ዘላ ትሄዳለች።

ፖሊ 4ኛ ዓመት

ስለ ሙቀቱና ስለ ጭሱ ልበል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። የሰባ ምናምን የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ ስልሳ ቢሰጥህ ነው። ካርቡሬተሩ ለቆላ አገር የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ማለት ይኸው ነው። ቤንዚን የሚያሳልፈው ትንሹ ቀዳዳ ባለሙያ ይየው፣ አየር ማጣሪያውንም ቀይር።

ውኃም እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊት አይዝም። ክዳን ርካሽ ነው፣ ከእሱ ጀምር።

ሶማሌ ተራ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ

ክዳን፣ የውኃ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ የዘይት ማጣሪያ ከፈለግክ አትጨነቅ። ሞተሯ የላዳ ታክሲዎቹ ዘመድ ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ስንት ዘመን አዲስ አበባን ሲያመላልስ ኖሯል! ዕቃው አሁንም ይገኛል። የሚያስቸግረው የኒቫ ብቻ የሆነው ነው፤ የትራንስፈር ዕቃ፣ የፊት ጎማ ዘንጎች፣ የበር ጎማ።

ጎማ ስትገዛ 16 ኢንች ነው። የፋብሪካው 175/80 ካጣህ 185/75 ይሆናል። ግን አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት አዲስ፣ ሁለት ያለቀ ካደረግህባት መካከለኛው ዲፈረንሻል ሥራ አይፈታም።

አንዳንዱ «ያው ፊያት ናት» ይላል፤ ልክ አይደለም። ታክሲው ላዳ ነው መሠረቱ ፊያት 124። የኒቫ ቦዲ ላዳ ከሚሠራባት የሩሲያ ከተማ፣ ከቶሊያቲ ሰዎች የወጣ ነው። ማምረት የጀመሩት በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፣ በእኛ 1969፤ ከካራማራ አንድ ዓመት ቀድሞ። ሌላው ፎር ዊል ወፍራም ሻንሲና ባሌስትራ ይዞ ሲዘል፣ እሷ ሻንሲ የላትም፣ የምትቀመጠው በጥምዝ ሞላ ላይ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፓሪስ ዳካር የመኪና ውድድር ላይ ሁለተኛ ወጥታለች። ይህን ለሚስቁት ንገራቸው።

የዘጌ መንገደኛ

እኔ ብሆን አልሸጥም ወንድሜ! ቆንጆ ናት እኮ። ሞላዋን አስረዝምና ሰፋፊ ጎማ ግጠምላት፣ ከላይ መደርደሪያ፣ ጥቁር ቀለም ቀባ አድርጋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሪስት ይዘህ ዘጌ ብትወጣ ወጪዋን ትሸፍናለች።

ጋራዥ በር፣ ጎንደር

አደራ! ሞላዋን ስታስረዝም የዘንጎቹ ማዕዘን ይበላሻል። መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ይብሳል። ሰፊ ጎማም መሪዋን ያከብዳል፣ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። መኪናዋ ሲመረት ጠባብ ጎማ የሰጧት አጥተው አይደለም። ይህ የፎቶ ፋሽን ከመጣ ወዲህ ጋራዤ የሚመጡት ግማሾቹ የተበላሹት በማስዋብ ነው።

የቀድሞ የግብርና ባለሙያ፣ ወረታ

ልጄ፣ እኔ ደራና ፎገራ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ነኝ። ስለ እጀታው ልንገርህ፤ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን በጭቃ ውስጥ ተምሬዋለሁ። ዲፍሎክ ደረቅ አስፋልት ላይ ከተያዘ ጥርሶቹ ተወጣጥረው አይለቁም። መኪናዋን ጠጠር ወይም ሣር ያለበት ቦታ ውሰዳት። ቀስ ብለህ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂድ፣ መሪውን ግራ ቀኝ እያልክ። ያኔ እጀታውን መልስ። ካልለቀቀ እጀታው ከሥር ዝጓል፤ ማጠፊያዎቹን ዘይት አጠጥቶ ማሳደር ነው። በጉልበት እንዳትታገለው፣ ይሰበራል። እስኪለቅህ ድረስ አስፋልት ላይ አትንዳት። መንቀጥቀጡን ያባሰውም እሱ ሊሆን ይችላል።

ሳቁ ግን አሳቀኝ። ድሮ የመሥሪያ ቤት መኪና ማለት ላንድሮቨር ነበር። እሱን ሲያዩ ገበሬዎቹ ስብሰባ ሊጠሩን ነው ብለው ይሸሹ ነበር። የሩሲያው ጂፕ ዋዝ ከመጣማ ወታደር ነው፣ መንደሩ ጸጥ ይላል። ኒቫ ስትመጣ የሚሸሽ አልነበረም። አንድ የእንስሳት ሐኪም ነበር ባለ ኒቫ። አንድ ክረምት የእኛ ላንድሮቨር ፎገራ ዋልካ ውስጥ እስከ ሆዱ ገብቶ ቀረ። ሐኪሙ በጎን አለፈን፣ ትንሽ ሄዶ ጎማው ፈነዳ። ኮፈኑን ከፍቶ ስኮርታውን ከሞተሩ ላይ ሲያወጣ አንድ ሽማግሌ «አይ የመንግሥት ነገር፣ ሞተሩም ጎማ ነው እንዴ?» አሉ። እስከ ዛሬ እስቃለሁ።

እሷ ቀላል ስለሆነች ነው ያለፈችው፤ አንድ ቶን ከምናምን ብትመዝን ነው። እኛ ደግሞ ዲፍሎኩን የያዝነው ከሰጠምን በኋላ ነበር። ዋልካ ልትገባ ስትል ቆም በል። ዲፍሎኩን ያዝ፣ በትራንስፈሩ እጀታ ከባዱን ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ ሳትቸኩልና ሳታቆም እለፍ። ጎማው ባዶውን ከዞረ ነዳጅ መጨመር ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ፖሊ 4ኛ ዓመት

እትዬ፣ አሁን ግን እነዚህ አሮጌ ፎር ዊሎች ለምን ተወደዱ ይላሉ? እኛ ጊቢ ሦስት ልጆች አሮጌ ሱዙኪ ሳሙራይ ይፈልጋሉ። አንዳቸውም መንጃ ፈቃድ የላቸውም።

የቀድሞ የግብርና ባለሙያ፣ ወረታ

ሳሙራይን አሻንጉሊት ይሏት ነበር እኮ! እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። አሁን መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ይመስላል። ማዕዘን ያለው ነገር ናፍቋችሁ ይሆናል።

ሶማሌ ተራ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ

ሁለት ምክንያት ልጨምር። ሱዙኪ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲሱን ጂምኒ እንደ ድሮው አራት ማዕዘን አድርጎ ሲያወጣ ዓለም ተሻማበት። የድሮው ዲፌንደር ላንድሮቨርም በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ማምረቱ ሲቆም ባለቤቶቹ ድንገት ሀብታም ሆኑ። እኛ ጋ ደግሞ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተባለ። ያለው ያው ያለው ነው። ስለዚህ ብትሸጥ እንኳ ሊብሬዋን አጽድተህ፣ ቦሎዋን አሳድሰህ፣ መንቀጥቀጡን አስተካክለህ ሽጥ። እንዳለች ከሰጠሃት ያ ገዢ የ200 ብር ቀለበት ጎማ ቀይሮ በእጥፍ ነው የሚሸጣት። ዋጋውን ለምሳሌ ነው ያልኩት፣ ነገ መጥታችሁ በ200 ስጠን እንዳትሉኝ!

ጠያቂ፦ የቀበሌ 11 ልጅ፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እጀታው እትዬ እንዳሉት ሰባታሚት መንገድ ላይ ጠጠር ላይ ወደ ኋላ ስሄድ «ጧ» ብሎ ለቀቀ። መብራቱም ጠፋ። ደንግጬ የሰበርኩት መስሎኝ ነበር። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ከዚያ ትራንስፈሩን ዜሮ አድርጌ ቆሜ ሞከርኩ። ተንቀጠቀጠች! ሌላ መካኒክ ጋ ሄጄ ከሥር ስናይ ያ ቀለበት ጎማ እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰነጣጥቋል። ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ጎማው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየመጣልኝ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ቀየርኩ፤ ትናንት ቤዛዊት ላይ መርፌው መሐል ላይ ቆመ። ጭሱ አሁንም አለ። ካርቡሬተሩን ፈትቶ የሚያጸዳ ጥሩ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ የምታውቁ?

የአዲስ አበባውን ሰው ጠብቅ ብዬዋለሁ። ሙሽሮቹን ግን እሁድ አስነሳባታለሁ፤ ፎቶ አንሺው የጎማውን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ሰጥቶኛል። ስኮርታውን ከኮፈኑ ሥር አውጣው፣ ጣሪያው ላይ እሰረው፣ ያምራል አለኝ። እንቢ አልኩት።

ጋራዥ በር፣ ጎንደር

ደግ አደረግክ። ለካርቡሬተሩ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቀበሌ 14 አካባቢ አንድ የድሮ ላዳ የሚያውቅ ሰው አለ። ቀለበት ጎማው ሲገባ ብሎኖቹን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ አጥብቃቸው።