ሆሪሚያ፦ አኒሜውን ያየ ሰው ማንጋውን ማንበብ አለበት ወይስ የለበትም?

የሌሊት አንባቢ
ትናንት ማታ አንዱ እዚህ "አኒሜውን ካየህ ማንጋውን ማንበብ አያስፈልግህም ታሪኩ ያው ነው" ብሎ ጽፎ ተኛ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያው አይደለም! ሆሪሚያ የሆሪና የሚያሙራ የሃይስኩል ፍቅር ታሪክ ነው፣ ማንጋው (የጃፓኑ የስዕል መጽሐፍ፣ አኒሜው ከሱ የተሠራ ካርቱን ነው) እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሮ በ2021 ማርች ላይ ነው ያለቀው፣ 16 ቮልዩም፣ አስር ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው። አኒሜውን የሠራው ስቱዲዮ ክሎቨርወርክስ ያን ሁሉ ወስዶ ከመጀመሪያ ትውውቃቸው እስከ ምረቃቸው በ13 ኤፒሶድ ጨረሰው። ላላያችሁት፣ ሆሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም የሚወዳት ዘናጭ ልጅ ናት፣ ቤት ስትገባ ግን ሜካፗን ታጥባ ፀጉሯን አስራ እናትና አባት የሌሉበትን ቤት ትይዛለች፣ ለትንሹ ወንድሟ ለሶታ እራት ትሠራለች። ሚያሙራ ክፍል ውስጥ መነፅር አድርጎ የሚቀመጥ ማንም የማያናግረው ልጅ፣ ከግቢ ሲወጣ ግን ጆሮው የተበሳሳ፣ ገላው ላይ ታቱ ያለው፣ ታቱው እንዳይታይበት በበጋ ሙቀት እንኳን ኮቱን የማያወልቅ። ሶታን አፍንጫው ሲደማ ሚያሙራ ቤቱ ድረስ አምጥቶት ነው ከሆሪ ጋ የተገናኙት። ከዛ በኋላ ያለው ምንድነው? ቀን ነው። ተራ ቀን፣ ምሳ ሰዓት፣ ዝናብ፣ ተረብ። ማንጋውን ማንጋ ያደረገው እሱ ነው አኒሜው የቆረጠውም እሱኑ ነው

ሚጡ
እኔ ነኝ የጻፍኩት 🙋‍♀️ አሁንም አልቀየርኩም። ወንድሜ ፍጥነቱ ነው እኮ ያስወደደኝ። የሃይስኩል ፍቅር ስታይ ሁልጊዜ ልጅቷ ልትናገር ስትል ደወል ይደወላል፣ ልጁ ሊናገር ሲል ጓደኛው ይገባል፣ እንደዛ እያለ ሃምሳ ቻፕተር ይሄዳል። እዚህ ግን ሆሪ ታማ ተኝታ፣ ሚያሙራ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት አጠገቧ ሆኖ እወድሻለሁ ይላታል እሷም ሰምታዋለች፣ ገና መጀመሪያው አካባቢ ነው ይሄ! ሚያሙራን የሚያናግረው የኡቺያማ ኮኪ ድምፅ እዛ ጋ፣ ሳይጮህ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። የትኛው ወረቀት ነው ያንን የሚሰጠኝ

የሌሊት አንባቢ
ሚጡዬ ያልሽው ልክ ነው ግን የማንጋው ጥሩነት ነው የነገርሽኝ። ቶሎ መናገራቸው ከማንጋው ነው የመጣው። ማንጋው ቶሎ ያናገራቸው እኮ ከዛ በኋላ ያለውን ኑሮ ረጋ ብሎ ሊያሳየን ነው፣ አኒሜው ግን መናገሩን ወሰደና ኑሮውን ዘለለው

ቻፕተር ዜሮ
አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሃጊዋራን ማንጋ ዋናው አድርጎ ነው የሚያወራው። ዋናው እሱ አይደለም። ሂሮ የሚባለው ደራሲ ከ2007 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በራሱ እጅ እየሳለ ያወጣው ነበር፣ ስዕሉ ቀለል ያለ፣ አብዛኛው አጭር አጭር። ሃጊዋራ ዳይሱኬ ያንን ወስዶ እንደ አዲስ ሳለው፣ ሆሪሚያ የምንለው እሱ ነው። ስለዚህ ማንጋው ራሱ አዳፕቴሽን ነው። ሃጊዋራ መለወጥ ከተፈቀደለት ለአኒሜው የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም

የሌሊት አንባቢ
መለወጥማ ይችላል ብሮ ማን ከለከለ። ሃጊዋራ ግን ጊዜ ነበረው። የሆሪን ጓደኛ ዩኪን ተመልከት። ዩኪ ሌላ ልጅ እንዲተዋት ብላ ከጓደኛቸው ከቶሩ ጋ ፍቅረኛ ነን ትላለች፣ ውሸት ነው፣ በዛው መሀል ሳኩራ የምትባል ሌላ ተማሪ ቶሩን ከልቧ ትወደዋለች። ማንጋው ላይ ይሄ ነገር ይቆያል፣ ሌላ ወሬ መሀሉ ይገባል፣ ትስቃለህ፣ ከዛ ድንገት የዩኪን ፊት አንድ ጥግ ላይ ታየዋለህ አሁንም እንዳልወጣላት ይገባሃል። አኒሜው ላይ ትንፋሽ ሳይሰጠን ነው ያለፈው፣ ሳኩራ አዘነች፣ ዩኪ ተጨነቀች፣ ቀጥል። ሰው እንደዛ አያዝንም

ሰማያዊ ዣንጥላ
በዩኪ እስማማለሁ፣ በጣም። ግን እኔ ስዕል ስለምሞክር ሌላ ነገር ነው የማየው። ሃጊዋራ ስሜቱ ሲከብድ ጀርባውን ያጠፋዋል፣ ግድግዳ የለ መስኮት የለ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ እጅ ወይ አንድ አንገት ብቻ ይቀራል። አኒሜ ውስጥ ነጭ ስክሪን ዝም ብለህ ብታቆም ሰው ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። ዳይሬክተሩ ኢሺሃማ ምን አደረገ፣ ያልተናገሩትን ነገር ቀለም አደረገው፣ የልጆቹ ጥላ በአንድ ቀለም ተሞልቶ ከገላቸው ለብቻው ይቆማል። ሦስቴ አቁሜ ነው ያየሁት። ቃል በቃል ቢገለብጠው ኖሮ እዛ አይደርስም ነበር። ስለዚህ "ቆረጠው" ብቻ ስትሉ ያሳዝነኛል

ሚጡ
ተባረኪ የኔ እህት 🙏🙏

ቻፕተር ዜሮ
ደግሞ ረጋ ብሎ የሄደው ምን እንዳተረፈ እንይ። ኪሚ ኒ ቶዶኬን ውሰዱ፣ ሌላ የሃይስኩል ፍቅር ታሪክ ነው፣ ማንጋው 30 ቮልዩም፣ አኒሜው በ2009 ተጀምሮ ለአንደኛው ሲዝን ብቻ 25 ኤፒሶድ ሰጠው፣ ዋናዋ ልጅ ሳዋኮ "ደህና አደሩ" ለማለት የምትጨነቅበትን እንኳን አልቸኮለበትም። በ2011 ሁለተኛው ሲዝን አለቀና ጸጥ። ሦስተኛው የመጣው 2024 ኔትፍሊክስ ላይ ነው፣ 13 ዓመት! ያኔ ሃይስኩል ሆኖ የጀመረው ሰው ዛሬ ልጅ ወልዷል። ሆሪሚያ ቢያንስ አልቆ ሰጠን

የሌሊት አንባቢ
ይሄኛው ከባድ ነው አልክድህም። እኔም ከጠበቁት አንዱ ነኝ። ግን አየህ ሳዋኮን 13 ዓመት ያስጠበቀን ያ ቀስ ያለው ሲዝን ነው፣ በሩጫ ቢሠራ ማን ያስታውሳታል። ሆሪሚያም ቢሆን ራሳቸው ሠሪዎቹ የጎደለ ነገር እንዳለ ስላወቁ ነው በ2023 ተመልሰው ሌላ 13 ኤፒሶድ የዘለሉትን ቻፕተሮች የሠሩት። ስሙን ራሱ ሚሲንግ ፒስስ (የጎደሉ ቁርጥራጮች) አሉት፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልስጣችሁ

ሚጡ
እሱን ስላነሳህ። እኔ እሱን ያየሁት የመጀመሪያውን ከጨረስኩ በኋላ ነው፣ ሚያሙራ ሆሪን ባላገኛት ኖሮ ብሎ ብቻውን የሆነውን ራሱን የሚያስብበትን የመጨረሻውን ክፍል አይቼ። ከዛ ደግሞ ተመልሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሲቀላለዱ ሳይ አለቀስኩ። ምንም ያልሆነ ቀልድ ላይ! ምክንያቱም ክፍሉ ተመርቆ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ያንን ማንጋውን በተራው ብታነበው አታገኘውም

የሌሊት አንባቢ
…እሺ ይሄን አላሰብኩትም። እኔ ቅደም ተከተሉ ተበላሸ ብዬ ነበር ስናደድ የከረምኩት

ሰማያዊ ዣንጥላ
ታናሽ እህቴ ምኑንም አላየችም፣ ከየት ትጀምር?

ሚጡ
አኒሜ። ሁለቱንም በወጡበት ቅደም ተከተል

የሌሊት አንባቢ
ማንጋ ከአንደኛው ቮልዩም!! በቀን ሁለት ሦስት ቻፕተር ብቻ ታንብብ አትሩጥበት፣ ዩኪ ጋ ስትደርስ ምን እንዳለች እዚህ ጻፊልን