ከሊኑክስ ጋር የሚግባባ የካሜራ መቅጃ ስለመምረጥ

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። ስምንት ካሜራዎች አሉን፤ አራቱ በኮአክሲያል ገመድ የሚሠሩ የቆዩ ሲሆኑ፣ አራቱ አምና የተተከሉ የኔትወርክ ካሜራዎች ናቸው። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኡቡንቱ ነው። መቅጃችን ግን ምስሉን የሚያሳየው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ይህን ብሮውዘር ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. በጡረታ አሰናብቶታል። ባለፈው ወር የአንድ እንግዳ ሻንጣ ጠፍቶ ቅጂ ማውጣት ስላስፈለገን ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ከጎረቤት ተዋስን፤ የወጣው ፋይል ግን መቅጃው ይዞት ከመጣው ማጫወቻ በቀር በሌላ አልከፈት አለ። አዲስ መቅጃ ልገዛ አስቤ ሻጮችን ስጠይቅ ሁሉም «ኦንቪፍ አለው» ብለው ያልፉኛል። ምን ምን ማየት ይኖርብኛል?

መልስ 1፣ ከአዳማ

አዳማ ውስጥ ካሜራ በመትከል ሥራ የምተዳደር ነኝ። ሻጮቹ አልዋሹዎትም፤ የመለሱልዎት ግን ያልጠየቁትን ነው። ኦንቪፍ ማለት አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረቱት፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያስችል ስምምነት ነው። በመቅጃ ካርቶን ላይ ተጽፎ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚገልጸው መቅጃው የሌላ ፋብሪካ ካሜራ መቀበል እንደሚችል ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ መቅጃው የተቀበለውን ምስል መልሶ ለኮምፒውተርዎ እንዲሰጥ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት እያንዳንዱን ቻናል (የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል) በአርቲኤስፒ፣ ማለትም ቀጥታ ምስልን በኔትወርክ በሚያስተላልፈው የጋራ መንገድ፣ ያወጣ እንደሆነ ነው። የሚያወጣ ከሆነ የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲም የካሜራ መከታተያ ፕሮግራሙ ዞንማይንደርም ያለ ችግር ይቀበሉታል።

ይህንንም ቢሆን በቃል አይመኑ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ላፕቶፕ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱና መቅጃውን ከአንድ ካሜራ ጋር እንዲያገናኙልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያም የአርቲኤስፒ አድራሻውን፣ ብዙ ጊዜ ፖርቱ 554 ነው፣ በቪኤልሲ ይክፈቱ። ቀጥሎ የአንድ ደቂቃ ቅጂ በፍላሽ አውጥተው በዚያው ላፕቶፕ ያጫውቱ፤ ማንኛውም ማጫወቻ በሚከፍተው የኤምፒ4 ፋይል የማይወጣ ከሆነ ያው የሻንጣው ታሪክ ይደገማል። ይህን ለማሳየት የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ እኔ አልገዛም።

የቆዩትን ካሜራዎች አይጣሏቸው። ኮአክሲያልንም ኔትወርክንም የሚቀበል ሃይብሪድ መቅጃ አለ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የቆዩትን የአናሎግ ካሜራዎች ምስልም በአርቲኤስፒ ያወጣሉ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን አብዛኞቹ መቅጃዎች ራሳቸው ውስጣቸው የሚሠራው በሊኑክስ መሆኑ ነው።

መልስ 2፣ ከሐዋሳ

በፍተሻው እስማማለሁ፤ መቅጃ መግዛቱ ግን የግድ ነው ብዬ አላምንም። አራቱን የኔትወርክ ካሜራዎች በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ፍሪጌት ከተባለ የካሜራ መቅጃ ፕሮግራም ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ሰውንና መኪናን ለይቶ ስለሚያውቅ ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር አይጮህም። ይህን መለየት ያለ ረዳት ቺፕ ወይም ያለ ተስማሚ ግራፊክስ በፕሮሰሰር ብቻ ማሠራት ግን ማሽኑን ያጨናንቀዋል።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የዲስኩን ሒሳብ አስቀድመው ይሥሩ። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል፤ ስምንቱ 345 ይሆናሉ፣ 4 ቴራባይት ዲስክም ከ11 ቀን ብዙም አያልፍም። ኤች.265 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ይህን ከቀድሞው ኤች.264 አንጻር ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ሆኖም ሊኑክስ ላይ በብሮውዘር ሲከፈት ሊያስቸግር ስለሚችል ካሜራው ከሚልካቸው ሁለት ምስሎች ዋናውን በኤች.265፣ ለዕለታዊ ዕይታ የሚሆነውን አነስተኛውን በኤች.264 ማድረግ ይሻላል።

መልስ 1፣ በድጋሚ

ኮምፒውተር ብቻውን ይበቃል የሚለውን አልቀበልም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር መቅጃ ትንሽ ኃይል ስለሚወስድ በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚተካ ባትሪ) ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ መብራት ሲመለስም ማንም ሳይነካው ይነሣል። ኮምፒውተር በራሱ እንዲነሣ በባዮስ (በኮምፒውተሩ የመነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያስታውስ ጫኚ ብዙ አላጋጠመኝም። መቅጃው ይቅዳ፣ ፍሪጌት ወይም ዞንማይንደር ከጎኑ ሆኖ በአርቲኤስፒ ይመልከት። አርቲኤስፒውን ግን ከግቢው ኔትወርክ ውጭ በራውተር አይክፈቱት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ፒያሳ ወዳሉት ሱቆች እሄዳለሁ፤ ሃይብሪዱን በቪኤልሲ ሳላይ አልከፍልም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሻንጣው ዕለት ዘበኛችን «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮቴ ሰማሁ» ስላለን መቅጃው ላይ 8 ሰዓትን ፈልገን እንግዶች ቁርስ ሲበሉ ስናይ ረፈደ። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በመቅጃው 2 ሰዓት መሆኑን ያሰበ አልነበረም። አሁን የሁለቱን ሰዓቶች ሰንጠረዥ ስክሪኑ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።