ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ መቅደም ጨርሶ ይከልከል?

ጠያቂው፦ ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማበርን ዳገት እንደጀመርን ጉሙ ወረደ። አውቶቡሳችን ከአንድ ተሳቢ ኋላ ተለጥፎ ሃያ ደቂቃ ያህል አዘገመ። ረዳቱ አንገቱን በበሩ መስኮት አውጥቶ የመንገዱን ጠርዝ ለሹፌሩ ይነግረዋል። ከኋላ መቀመጫ «ቅደመው እንጂ፣ እዚህ ልናድር ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ አልቀደመም። ሁለት መኪኖች ግን በግራችን አልፈው ጉሙ ውስጥ ጠፉ። እንዲህ ባለ ቦታ ጉም ሲወርድ መቅደም ይከልከል፣ ፍጥነትም ከ30 አይለፍ ይባል? ወይስ ለሹፌሩ ይተው?

የተሳቢ ሹፌር፦ ያ ተሳቢ የእኔ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ጭነት ይዤ ያን ዳገት ስወጣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ ተመስገን ነው። ከኋላ ጥሩምባ ይነፉብኛል፤ ለጥሩምባ ብሎ የሚበረታ ሞተር ግን የለኝም። ክልከላውን ጻፉት፣ ማን ያስከብረዋል? ጉም ውስጥ መንገድ ዳር የሚቆም ትራፊክ ፖሊስ መጀመሪያ የሚገጨው እሱ ነው። ይልቅ በየኩርባው መካከል ዳር የምንይዝበት ቦታ ይሠራልን፤ አሳልፈን እንወጣለን።

የፊዚክስ መምህር፦ ጋሼ፣ ስለ መንገዱ እስማማለሁ፤ ስለ ክልከላው አይደለም። ጉሙ 40 ሜትር ያሳያል እንበል። እርስዎ በ15 ሲሄዱ አንድ ሚኒባስ በ45 ሊቀድምዎት ቢነሳ፣ ተሳቢውን ጨርሶ ወደ መስመሩ እስኪመለስ አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ እሱ ራሱ 60 ሜትር ይሄዳል፤ በ50 ቁልቁል የሚመጣው መኪና ደግሞ 70 ሜትር። ስለዚህ 130 ሜትር ጥርት ብሎ መታየት አለበት፣ ያለው 40 ነው። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን መያዝም እንዲሁ ነው፤ በ30 የሚሄድ 16 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፣ በ60 የሚሄድ ግን 45 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ካየው ነገር አልፎ ይቆማል ማለት ነው።

የሚኒባስ ሹፌር፦ መምህር፣ ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ግን እኛ በጭፍን አንቀድምም። ከፊት ያለው ከባድ መኪና ቀኝ ፍሬቻ ያሳየናል፤ «መንገዱ ነፃ ነው፣ እለፍ» ማለት ነው። እሱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ከእኔ የተሻለ ያያል። ደግሞም ሁሉንም 30 ላይ ብታስሩት ሰልፉ ይረዝማል፤ የረዘመ ሰልፍ ነው ሰውን የሚያሳብደው። የእኔ ገቢ በምልልስ ነው፣ በሰዓት የሚከፍለኝ የለም።

የተሳቢ ሹፌር፦ የፍሬቻውን ነገር ካነሳህ ልንገርህ። ጉም ውስጥ ለማንም አላሳይም። ከዓመታት በፊት በጠራ ቀን አንዱን እለፍ ብዬው፣ ከኩርባው አይሱዙ ብቅ አለ። ፍሬን ረግጬ ወደ ቦዩ ተጠጋሁ፣ ሰውየው በመካከላችን ሾልኮ ወጣ። የቀኝ ጎማዬ ቦዩ ውስጥ ገብቶ እስኪጎተት ድረስ እዚያው ዋልን። እኔ የማየው ለእኔ ነው። ለአንተ ሕይወት በፍሬቻ አልፈርምም።

የደብረ ሲና ልጅ፦ ሁላችሁም ስለ ዳገቱ ታወራላችሁ፤ ቁልቁለቱንስ? ቆሎ የሚሸጡ እናቶች ቆመው የሚጠብቁት ከጣርማበር ዋሻ ወርዶ የሚመጣውን መኪና ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ አለ፤ ፍሬኑ ሲግል ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ሌላው ደግሞ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ነው። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ያቆማል፤ አጭሩ ነው የሚያሳየው። አራቱን ፍሬቻ እያብለጨለጩ መንዳትም ልማድ ሆኗል፤ ወደ የት እንደሚታጠፉ በምን እንወቅ?

የሕግ ባለሙያ፦ ከፊት ያለው በማይታይበት ቦታና ኩርባ ላይ ደርቦ መቅደም ድሮም ክልክል ነው። አዲስ የሚሆነው ቁጥሩ ብቻ ነው። እኔ ቁጥሩን እፈልገዋለሁ፤ «እንደ ሁኔታው» የሚል ሕግ አደጋ ከደረሰ በኋላ ካልሆነ አይሠራም። 30 ከተጻፈ ግን አለቃው «ለምን ዘገየህ» ሲለው ሹፌሩ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

የሚኒባስ ሹፌር፦ ይህን እቀበላለሁ። ቁጥሩ ይጻፍ፣ ግን ጉም ለወረደበት ሰዓት ብቻ። በጋ ቀትር ላይ በ30 አልሄድም። እና ተሳፋሪውንም አንድ በሉት፤ «ቅደም» ብሎ የሚጮኸው መሪ አልያዘም።

ጠያቂው፦ ከኋላ መቀመጫ የጮኸው እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ለቅሶ ነበረብኝ።

የተሳቢ ሹፌር፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ደረስክበት?

ጠያቂው፦ ቀብሩ አለፈኝ። ሠልስቱ ላይ ደረስኩ።