ለእንቁጣጣሽ ከልጆች ጋር የወረቀት አደይ አበባና ካርድ ለመሥራት ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። አሥር፣ ሰባትና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉኝ። ዓምና በጳጉሜን የእንቁጣጣሽ ካርድ እንሥራ ብለን ተነሥተን በለቅሶ ተለያየን። ኮላው በዝቶ ወረቀቱ ተጨማደደ፤ ትንሹ ማርከሩን ግድግዳ ላይ ሞከረው፤ ትልቋ «አበባ አይመስልም» ብላ የሠራችውን ቀደደችው። በመጨረሻ መቀሱን ተቀብዬ ብቻዬን ስቆርጥ አመሸሁ፤ ለአያታቸው የወሰድነው ግን ከመንገድ ዳር የገዛሁትን የታተመ ካርድ ነው። ዘንድሮ ሦስቱም በየአቅማቸው ቢሠሩ ደስ ይለኛል። አደይ አበባው እንዴት ይቆረጣል? ወጪ የማያበዛ ቀለምና ማጣበቂያስ? ደግሞ ባለቤቴ ልጆቹ ሥዕል ይዘው ጎረቤት እየዞሩ ገንዘብ መቀበላቸውን አይወድም፤ እናንተ ቤት እንዴት ነው?

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት

እህቴ፣ ካርቶን ተዪው። ሲታጠፍ ለልጅ መቀስ አይበገርም፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይበቃል። ጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጪ፤ ከአንድ ኤ4 ወረቀት አራት ይወጣል። ለሁለት እጠፊው፤ እንደገና ለሁለት አጥፈሽ ትንሽ አራት ማዕዘን አድርጊው። ከጥጎቹ አንዱ ምንም ክፍት ጠርዝ የለውም፤ ሲዘረጋ መሃል የሚሆነው እርሱ ነው። እዚያ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊ። ከነጥቧ ተነሥተሽ ወደ ትይዩው ጥግ በሰያፍ ስታጥፊው ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ከነጥቧ ትይዩ ያለውን ክፍት ጫፍ እንደ ጣት ጥፍር ክብ አድርጎ መቁረጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ታገኛላችሁ።

የሚያስለቅሰው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። ልጁ ነጥቧን ከቆረጠ አበባው መሃሉን ያጣል፤ ጎንና ጎኑን እስከ ነጥቧ ድረስ ከቆረጠ ደግሞ ስምንት ብጥስጣሽ እጁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «ነጥቧ ተኝታለች፤ አትቀስቅሷት» እላቸዋለሁ። ለአሥርና ለሰባት ዓመቶቹ ይህ ይሆናል። የአራት ዓመቱን መቀስ አታስይዢው። ቢጫ ቀለም በሰሐን አቅርቢለት፤ ጣቱን እየነከረ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ስምንት ጊዜ ያትም። የእርሱም አደይ አበባ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም የሚያምረው የእርሱ ይሆናል።

መልስ፦ የመንታ ልጆች አባት፣ ባሕር ዳር

ቀለሙን ከወጥ ቤት አውጪ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በጥቂት ሙቅ ውኃ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ በጥጥ ወይም በብሩሽ ነጩን ወረቀት ቀቡና ከመታጠፉ በፊት በደንብ ይድረቅ። የቀይ ሥር ውኃ ሐምራዊ ቀይ ይሰጣል። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ከሰቀላችሁት እርዱ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ለበዓሉ ግን ይበቃል።

ማጣበቂያው፦ አራት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪልም አሽተሽ፣ አንድ ኩባያ የፈላ ውኃ ውስጥ እየጨመርሽ እሳት ላይ ማማሰል ነው። ሲወፍር አውጪው። ዓምና ወረቀቱን ያጨማደደው ኮላው ራሱ ሳይሆን ብዛቱ ይመስለኛል፤ በክብሪት እንጨት ጫፍ መሃሉ ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ በቂ ነው። የአበባውን መሃል በምስር ለማስጌጥ ግን አትሞክሪ። የእኔ አንዱ ልጅ አፍንጫው ውስጥ ከትቷት በዓሉን ያከበርነው ሐኪም ዘንድ ነው።

መልስ፦ ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር

ልጄ፣ ስለ ካርዱ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ልጅ ሳለን አንዱ ጥሩ አድርጎ የሣለውን መልአክ ካርቦን ወረቀት ከሥር አድርገን እናበዛውና ቀለሙን እየተሻማን እንቀባ ነበር። ዛሬ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈሽ ብርሃኑን ተጠግቶ መገልበጥም ይቻላል። ትልቋ «አይመስልም» ብላ የምትቀደው በነጭ ወረቀት ፊት ስለምትፈራ ነው፤ መነሻ መስመር ካገኘች ትደፍራለች።

ምን እንሣል ካላችሁ ደግሞ የዘመኑ ወንጌላዊ አለላችሁ። ሂሳቡን የሰባት ዓመቱ ይሥራው፦ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለአራት ያካፍል። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይቀራል፤ ሉቃስ ማለት ነው። ምልክቱ ላም ስለሆነ ልጆች አይቸገሩም። የማቴዎስ ሰው፣ የማርቆስ አንበሳ፣ የዮሐንስ ንስር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ባለቤትሽን አልወቅሰውም። ቢሆንም እኛ ስሙኒ ስንቀበል ልመና አልነበረም፤ ሴቶቹ አበባየሆሽ ጨፍረው እንደሚሸለሙት ሁሉ ሥዕላችንን ሰጥተን ነው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር፤ በዚህ ነገር ከባለቤቷ ጋር ነኝ። ልጆች የሚሰጣቸውን ብር ማወዳደር ሲጀምሩ ሥዕሉ ይረሳል። እኛ እዚህ ቀኑ የሥራና የትምህርት ቀን ስለሆነ የምናከብረው ቅዳሜ ነው፤ ካርዱንም ለአያት፣ ለክርስትና እናትና ለአንድ ጎረቤት ብቻ ይሰጣሉ። ደግሞ ከፊት አበባ፣ ከውስጥ የልጁ የራሱ ጽሑፍ ይሁን። ልጄ ባለፈው «እንኳን አደረሳችሁ» ስትጽፍ «ሳ»ን ወደ ኋላ አዙራ ጻፈችው፤ አያቷ አሁንም ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሞክረን ሃያ ሦስት አበባ ወጣልን፤ ነጥቧ የተቀሰቀሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀሰቀስኳትም እኔ ነኝ። መምህር፣ ገንዘቡን በተመለከተ ካርዱን ለዘመድ ብቻ እንስጥ ተባብለን ተስማማን፤ ትልቋ አኩርፋለች። አሁን ግን ሌላ ጭንቅ አለ። እርዱ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ፈሰሰ፤ በሳሙና ባጥበው ጊዜ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመንታ ልጆች አባት፣ ባሕር ዳር

ይህን አስቀድሜ አለመናገሬ ጥፋቴ ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። በደንብ አለቅልቂውና ሎሚ ጭመቂበት፤ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ከዚያ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲደጋገም እየገረጣ ይሄዳል። ዝናቡ ካላባራ ግን ለበዓሉ ሌላ የጠረጴዛ ልብስ አዘጋጂ።