እስካቫተር ላይ የጃክ ሀመር መስመር፣ ከባኬቱ ቢወሰድስ?

ባለማሽኑ፦
ሰላም ጓዶች። ኮማትሱ ፒሲ200-8 እስካቫተር አለኝ፣ ያገለገለ ነው የገባው፣ ባኬት (መዛቂያ) ብቻ ነው ያለው፣ የሀመር (የድንጋይ መስበሪያ) መስመር የለውም። አሁን ጥቁር ድንጋይ ካባ ላይ ስራ አገኘሁ ሀመሩንም ተከራየሁ ግን ማሽኑ ላይ ዘይት የሚሰጠው መስመር የለም። አንድ በያጅ "ከባኬት ሲሊንደሩ ላይ ቲ (መስመሩን ለሁለት የሚከፍል መጋጠሚያ) አስገባልህና ቫልቭ አደርግበታለሁ፣ በሁለት ቀን አስረክብሃለሁ" አለኝ፣ ዋጋውም ስለረከሰ ልቤ ወደሱ እያለ ነው። የሰራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ እባካችሁ ሰኞ ካባ መግባት አለብኝ።

ዘይትና ቅባት፦
ወንድሜ ተው። ሀመር ላይ ዋናው ጣጣ የሚገባው ዘይት ሳይሆን የሚመለሰው ነው። ከባኬቱ ከጠለፍከው መመለሻው ዞሮ በኮንትሮል ቫልቩ ስፑል (ዘይቱን የሚያከፋፍለው ተንሸራታች ዘንግ) ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ እዛ ይታፈናል፣ ምቱ ይደክማል ዘይቱም ይግላል። መመለሻው በፊልተር አድርጎ ቀጥታ ታንክ መግባት አለበት። ደሞ ማሽንህ ከ350 ባር በላይ ይገፋል፣ የዚህ ልክ ሀመር አብዛኛው ከ160 እስከ 180 ባር ነው የሚሰራው፣ ለብቻው ሪሊፍ ቫልቭ (ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍስ) ካልተደረገለት ሲሉን (የጎማ ማሸጊያውን) ነው የሚበላው። ከሁሉ በላይ ግን ሀመሩን ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርጎ ለማቆም ባኬት ሲሊንደሩ ራሱ ያስፈልግሃል እኮ! ኦፕሬተርህ አንግል በቀየረ ቁጥር ወርዶ ቫልቭ ሊያዞር ነው?

የካባ ልጅ፦
እኔ እንደዛ አሰርቼ ሰርቷል፣ አልዋሽም፣ ሶስት ሳምንት። ከዛ ሀመሩ ቀዘቀዘ፣ ፊልተሩን ስንፈታ የተበጣጠሰ ጎማና ፀሀይ ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ሞልቶታል። ረከሰ ያልኩት ስራ ፓምፕ አስገዛኝ 😂

ቶርኖ ቤት፦
በያጁን ከመጥራትህ በፊት ኮንትሮል ቫልቩን ከፍተህ እይ። ብዙዎቹ ላይ ትርፍ ሰርቪስ ስፑል አለ፣ አፉ በፕለግ ተደፍኖ ነው የሚመጣው። ካለ ተገላገልክ፣ የሚቀርህ ፔዳል፣ የፓይለት ሆዝ (ከፔዳሉ ቫልቩን የሚያዝ ቀጭን የዘይት ቱቦ)፣ ሪሊፍና በቡሙና በአርሙ ላይ የሚሄድ ፓይፕ ነው። ፓይፑ ሲምለስ (የብየዳ ስፌት የሌለው) ይሁን፣ የውሃ ቧንቧ በይዶ የሚመጣ አለ አደራ። ከተበየደ በኋላ ውስጡን በደንብ አፅዳው፣ የብየዳ ቅርፊት አንዴ ከገባ ፓምፕ ይጨርሳል። የዘይት መቀየሪያውንም 5000 ሰዓት የሚሉትን እርሳው፣ ሀመር የሚሰራ ማሽን ዘይትና ፊልተሩ ቶሎ ነው የሚበላሸው።

ባለማሽኑ፦
ከፈትኩት! አንዱ ክፍል በሁለት ፕለግ ተደፍኗል፣ ቀለሙ እንኳን አልተነካም። በያጁን መለስኩት ትንሽ ተቀይሞኛል። ሀመር ብቻ ከሆነ አንድ ወገን (ዘይቱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድበት) ይበቃል አይደል?

ቶርኖ ቤት፦
ለሀመር ይበቃል። ነገ ግራፕል (መጨበጫ) ወይ ሺር (ብረት መቁረጫ) እገጥማለሁ ካልክ ግን ሁለቱንም ወገን አሁኑኑ ዘርጋው፣ የሚዞር ግራፕል ከሆነ ሞተሩ ቀጭን የኬዝ ድሬን (ከሞተሩ የሚሾልከውን ዘይት ወደ ታንክ የሚመልስ) መስመርም ይፈልጋል።

ዘይትና ቅባት፦
ስትሞክሩት ሆዙ ላይ ላብ የመሰለ ነገር ካያችሁ በእጅ እንዳትዳስሱ፣ ካርቶን አስጠጉበት። ያ ዘይት በከባድ ግፊት ስለሚወጣ ጓንት በስቶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ የመርፌ ነጥብ ታክላለች ብላችሁ እንዳትንቁት፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው፣ ጣት ያስቆርጣል።

ባለማሽኑ፦
እሺ ጋሼ። ባለካባውን ሐሙስ ነው የምገባው አልኩት፣ ስልኩን ዘጋብኝ።